ከቆዳው ስር የተሰፋው ቀበቶ

ጥር 6

ለአባባ፣

ሰላምታዬ ይድረስዎ። ጆሮዎ እንዴት ሆነ? ወገብዎስ? ይህን የምጠይቀው ደብዳቤ በሰላምታ ስለሚጀመር አይደለም። እውነቴን ነው፤ ከዚያ ቤት ስወጣ የናፈቀኝ ነገር ቢኖር የእርስዎ የስፌት መኪና ድምፅ ነው።

ልጅቷ ደህና ናት። ጥርሷ ሞልቷል ማለት ይቻላል፤ ትነክሳለች፣ ደግሞ ሰው መርጣ ነው የምትነክሰው። አሁንም ድምቡሼ እያልኩ ነው የምጠራት። ስሙን ያወጡላት እርስዎ ነዎት፤ ከዚያ ቤት ይዤው የወጣሁት ሌላው ነገር እሱ ነው።

ለምን አትደውይም ላሉኝ፣ ስልኩን ማን እንደሚያነሳው ያውቃሉ። ባለፈው ስደውል እህትዎ "ማን ልበል?" አሉኝ። ድምፄ ጠፍቷቸው አይደለም። "የድምቡሼ እናት" ብላቸው "ኧረ? ልጅ ይዛ የጠፋችው?" ብለው ጆሮዬ ላይ ሳቁ። ስለዚህ እጽፋለሁ። ወረቀት ላይ ማንም አያቋርጠኝም።

ድምቡሼ አንድ ሳምንት እኔ ዘንድ ትሰንብት ወይ ወዳሉት ጥያቄዎ ልምጣ። መልሴ አዎ ነው። እኔ ልጅ ደብቄ አላውቅም፤ ደበቀች የተባለው እዚያ ሳሎን ውስጥ፣ እኔ ሳልጠራ ነው። የሆነውን እርስዎም ከኔ አፍ ሰምተውት አያውቁም፤ ይኸውልዎ። የድምቡሼ አባት እሷን ጭኑ ላይ አስቀምጦ፣ መሪውን አስይዟት፣ እየሳቀ ይነዳ ነበር። ገና ዳዴ የምትል ልጅ። ነገርኩት። ደግሜ ነገርኩት። "ቀስ ብዬ ነው እኮ የምነዳው" አለኝ። የትራፊክ መብራት ሲያስቆመን ቁልፉን ነቅዬ ልጄን ይዤ ወረድኩ። "መንገድ መሃል አዋረደችኝ" ብሎ ከሰሰኝ፣ ዘመድ ተሰበሰበ፣ "ሊፍት ስትመረምር፣ ስትወጣ ስትወርድ ጭንቅላቷ ዞሮ ነው" ተባለ፣ ትዳሬም በዚያው አለቀ። እርስዎም፣ አባቱ፣ እዚያ ነበሩ። ሻይዎን ጠጡ።

ያለፈው አለፈ አልልም፤ አላለፈም። ግን አያቷ ነዎት፣ ሳምንቱን አብራዎት ትሁን። የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። የልጅ መቀመጫ የሌለው መኪና ውስጥ ድምቡሼ አትገባም። ጭን አይሆንም። ትራስ አይሆንም። "ቀስ ብዬ እነዳለሁ" ደግሞ ጭራሽ አይሆንም።

የድምቡሼ እናት

ጥር 15

ለልጄ ለኢንጂነሯ፣

እንዴት ነሽልኝ? እኔ ደህና ነኝ። ግራ ጆሮዬ ጡረታ ወጥቷል፣ ቀኙ እየሠራ ነው። ወገቤ እንደ አየሩ ነው።

ስለ ሳሎኑ የጻፍሽውን አንብቤዋለሁ። ምን ብዬ እንደምመልስ ስለማላውቅ ወደማውቀው ነገር ልሂድ።

ወንበር ነው የጠየቅሽኝ? ዕድሜውን ሙሉ የመኪና ወንበር ሲያለብስ የኖረ ሰው ወንበር ሲጠየቅ ምን ያህል ደስ እንደሚለው አታውቂም። ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ጀምሮ ሌላ ሥራ አልነካሁም። አንድ ደንበኛ መጥቶ "የኔስ?" ሲለኝ "ያንተ መኪና አንተን ነው የምትጭነው፣ ይጠብቅ" አልኩት። አጥንቱ ጠንካራ እንጨት ነው። ስፖንጁ ሁለት ዓይነት ነው፤ ከታች ጠጠር ያለው፣ ከላይ እንደ ጥጥ የሆነው። ቆዳው የአንድ ሀብታም መኪና ሲሠራ የተረፈ ነው፣ ቀለሙ የበሰለ ብርቱካን። ስፌቱ ድርብ። ራሷን የምታሳርፍበት ላይ ትንሽ ወፍ ጠልፌላታለሁ። ከጀርባው ሁለት የብረት መንጠቆ አለው፤ በመኪናው ወንበር ላይ ይንጠለጠላል። ሆዷን የምታስርበት ቀበቶም አለው፣ ዘለበቱን ብታይው ጌጥ ነው።

በአገር አቋራጭ አውቶቡስ ልኬዋለሁ። ሹፌሩን "ይህ ወንበር ከተጫረ ፊትህም ይጫራል" ብዬዋለሁ። የምጽፍልሽ ብዙ ነገር ነበር፤ ግን እጄ ለቃል አይሆንም። ወንበሩን ስታይው ይገባሻል።

አያቷ

ጥር 24

ለአባባ፣

አመሰግናለሁ ብዬ ልጀምር። ከዚህ በታች ያለውን ካነበቡ በኋላ ይህን ቃል ስለማይሰሙኝ መጀመሪያ ልበለው።

ወንበሩ ደረሰ፣ አልተጫረም። አውቶቡሱ ሲቆም ሰው ከቦት ነበር፤ አንዲት ሴት "የየትኛው ልዑል ነው?" ብላ ጠየቀችኝ። ድምቡሼ እንደተቀመጠችበት ወፏን በጣቷ ነካች፣ ከዚያ አልወርድም አለች። እራቷን እዚያው በላች፣ ከፊሉን ለወፏ አበላች። ወንበሩ ምን ማለት እንደሆነም ገብቶኛል። አንዳንድ ሰው ይቅርታ በአፉ ይጠይቃል፣ እርስዎ በድርብ ስፌት ጠየቁ። ይቅርታውን ተቀብያለሁ።

ወንበሩን ግን መኪና ውስጥ አላስገባውም።

አባባ፣ የኔ ሥራ ሊፍት መመርመር ነው። ሳጥኑ ያምራል ወይ ብሎ ማንም አይጠይቀኝም፤ የምጠየቀው ገመዱ ቢበጠስ ሰዎቹን ምን ይይዛቸዋል ነው። ለእርስዎም ወንበር ጥያቄው ያው ነው። መኪናው በድንገት ሲቆም ልጅቷን ምን ይይዛታል? መንጠቆዎቹ ወንበሩ ወደ ታች እንዳይወርድ ይይዙታል እንጂ ወደ ፊት እንዳይሄድ አይይዙትም። ቀበቶው የሚያርፈው ሆዷ ላይ ነው፤ ያንን ሁሉ ኃይል መሸከም ያለበት ግን ትከሻዋና የዳሌ አጥንቷ ነው። እንደ ጥጥ ያሉት ስፖንጅ ደግሞ ሲጫን ይሰምጣል፣ ሲሰምጥ ቀበቶው ይላላል። ልስላሴው ራሱ ነው የሚጎዳት።

እኔ የምፈልገው በግጭት ተፈትኖ የፈተና ምልክቱ የተለጠፈበትን ነው። ትከሻዋን፣ ዳሌዋንና በእግሮቿ መሃል አድርጎ የሚይዝ ቀበቶ ይኑረው። በዕድሜዋ ሳይሆን በክብደቷና በቁመቷ ይመረጥ። ያገለገለም አይሁን፤ እዚህ አንዲት ጎረቤቴ እንደ አዲስ የሚያበራ ልትሰጠኝ ነበር፣ ከማን እንደገዛችው ስጠይቃት አታውቅም፤ አንዴ የተጋጨ ይሁን አይሁን ማን ይነግረኛል? አመስግኜ ተውኩት። እና ደግሞ ድምቡሼ ፊቷን ወደ ኋላ አዙራ ነው የምትቀመጠው። በዚህ ዕድሜ ራሷ ከባድ ነው፣ አንገቷ ገና ነው። መኪናው ቢጋጭ የመቀመጫው ጀርባ መላ አካሏን ይቀበላታል።

አንድ ጥያቄ አለኝ። የእርስዎ መኪና የኋላ ወንበር ቀበቶ አለው? የልጅ መቀመጫው የሚታሰረው በሱ ነው፤ እኔ ግን እዚያ ወንበር ላይ ስቀመጥ ቀበቶ አይቼ አላውቅም።

መቆጣት ከፈለጉ ይቆጡ። ብቻ ይጻፉልኝ።

የድምቡሼ እናት

የካቲት 1

ልጄ፣

ሰላም ነሽ? ድምቡሼን ሳሚልኝ። እዚህ ሰሞኑን ዝናብ ነው፣ የጋራዡ ጣሪያ እንደገና ያንጠባጥባል።

ወንበሬን የመለሰብኝ ደንበኛ የለም። አንድም። "ልስላሴው ነው የሚጎዳት" ያልሽውን ለእህቴ አነበብኩላት። "ሊፍት ውስጥ ቆመው ነው የሚሄዱት፣ ስለ መቀመጫ ከየት አወቀች?" አለች። ሳቅኩ። በኋላ ግን መሳቄ ደስ አላለኝም።

ይሄ ፊቷን ወደ ኋላ ያልሽው ደግሞ ከሁሉ ባሰብኝ። ልጅ ለመንገድ ጀርባዋን ሰጥታ ትሄዳለች? አኩርፋለች እንዴ? ያን ሁሉ መንገድ የምነዳው ለማን ሆነና፣ ማጅራቴን እንኳ እንዳታይ?

ቀበቶ ላልሽኝ፣ አለ። የት እንዳለ እነግርሻለሁ፣ አትጩሂ። ከቆዳው ስር ነው። ወንበሩን ያለበስኩት ጊዜ ቀበቶውንም መቆለፊያውንም ወደ ውስጥ አስገብቼ ላዩን ሰፋሁት። ተንጠልጥሎ ሲታይ ሥራ ያበላሻል። ደንበኛ ሁሉ "ከኋላ ማን ያስራል፣ ደብቅልኝ" ነው የሚለው። ስሜ የተጠራው በዚህ ነው፤ የኔ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው በእጁ ቢዳብስ ምንም አይቆረቁረውም።

አያቷ

የካቲት 6

ለአባባ፣

አልጮህኩም። ተነስቼ ሳህን አጠብኩ፤ የታጠበውንም ደግሜ አጠብኩ።

ከቆዳው ስር! ስንት መኪና ነው አባባ? ለኔ አይንገሩኝ፤ ለራስዎ ያስቡት። ስንት እናት ከነልጇ የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ በእጇ ስትዳብስ ለስላሳ ቆዳ ብቻ አግኝታ፣ "እንዴት ያለ ባለሙያ ነው" ብላለች?

በቃል ልከራከርዎት አልፈልግም። በዚያ ቤት ቃሌ ዋጋ እንደሌለው አይቻለሁ። እጅዎን ግን አምነዋለሁ፤ እሱ ይፍረድ። ድምቡሼ አሥራ ሁለት ኪሎ ናት። ያንኑ የሚመዝን ጆንያ ይሙሉ። ወንበርዎን በመጣበት አውቶቡስ መልሼ ልኬልዎታለሁ፣ ጆንያውን አስቀምጠው ዘለበቱን ይቆልፉ። ከጋራዡ ጀርባ ባለው ባዶ ሜዳ፣ ማንም በአጠገብዎ ሳይኖር፣ የፊት ቀበቶዎን አስረው፣ ሰፈር ውስጥ በሚነዱበት ፍጥነት ሄደው አንዴ ፍሬን ይርገጡ። ፍሬን ብቻ ነው ያልኩት፤ ግጭት አላልኩም። ጆንያው ካልተነቃነቀ እኔ እብድ ነኝ። ፈርሜ እልክልዎታለሁ፤ ለእህትዎም ደውዬ በቃሌ እነግራቸዋለሁ።

ጆንያው ከተነቃነቀ ግን እብድ አልነበርኩም። ያንን ደግሞ አንድ ሰው ጮክ ብሎ እንዲናገርልኝ እፈልጋለሁ።

የድምቡሼ እናት

የካቲት 21

ለአባባ፣

መልስ የለም። ጆሮዎ ነው? ወገብዎ ነው? ወይስ እኔ ነኝ?

የጻፍኩትን አንዱንም መልሼ አልወስድም። ግን "ስንት መኪና" ስል ድምፄ ከፍ ብሎ ተሰምቶዎት ከሆነ ለድምፄ ይቅርታ። ለቃሉ አይደለም።

ወንበሩ ሲሄድ ድምቡሼ እስከ በር ተከትላው "ወፍ፣ ወፍ" እያለች አለቀሰች። ትናንት ደግሞ ጎረቤት ቤት የስፌት መኪና ሲነሳ መጫወቻዋን ጥላ ቆማ አዳመጠች። ምን እንደታወሳት አላውቅም። እንድታይዎት እፈልጋለሁ። ይህን ከጻፍኩ በኋላ ልሰርዘው ነበር፤ ተውኩት።

ደህና መሆንዎን ብቻ ይጻፉልኝ።

የድምቡሼ እናት

የካቲት 28

ልጄ፣

ስለ መዘግየቴ ይቅርታ አድርጊልኝ። ደህና ነኝ። ከጆንያው በቀር ሁሉም ሰው ደህና ነው።

ሜዳው ላይ ወጣሁ። ብቻህን አድርገው ብለሽ ነበር፤ በዚህ አልሰማሁሽም። ያኔ ሳሎን ተቀምጦ የነበረውን ሰው ሁሉ ጠርቼ ራቅ ብለው ዳር እንዲቆሙ አደረግኩ። እህቴ በርጩማ አስመጥታ ተቀምጣ "የሰርከሱ መግቢያ ስንት ነው?" ትላለች። ሁለት ጆንያ ምስር ሞላሁ። አንዱን ከኋላ፣ የሠራሁት ወንበር ላይ አሰርኩት። ሁለተኛውን ለድምቡሼ አባት ሰጠሁት። ከጎኔ ተቀመጠ፣ ጆንያውን ጭኑ ላይ አደረገ፣ ሁለታችንም ቀበቶ አሰርን።

"ልጅህ ናት፣ አጥብቀህ ያዝ" አልኩት።

"አባዬ፣ ይህን እኮ በአንድ እጄ እይዘዋለሁ።"

"በሁለቱም ያዝ።"

ትንሽ እንደሄድን ስለ ኳስ ጠየቅኩት። "ትናንትማ..." ብሎ ሲጀምር ፍሬኑን ረገጥኩት።

ሁሉንም አልጽፍልሽም። እሱ የያዘው ጆንያ ከፊት መስታወቱ ስር ያለው ክሩስኮት ላይ ሄዶ ፈነዳ። የኋላው ከነወንበሬ ተነቅሎ በፊቱ ተደፋ፤ መንጠቆዎቹ ልክ እንዳልሽው ሆኑ። ወፏ ከታች ሆነች። አባቷ ብዙ ጊዜ ከመኪናው ሳይወርድ ቆየ። ከጭኑ ላይ ምስር ይለቅም ነበር። ምን እንዳለኝ እኔ አልነግርሽም፤ ራሱ ይጻፍልሽ፣ ካልጻፈም በሱ ነው።

እህቴ ከበርጩማዋ ተነስታ መጣች፣ ምስሩን አየች፣ "ቁልፉን የነቀለችው ለዚህ ነበር?" አለች። "አዎ፣ ለዚህ ነበር! ልክ ነበረች!" አልኩ። ጆሮዬ ስለማይሰማ ዝም ብዬ የምጮህ ይመስላቸዋል። ያን ቀን ግን አውቄ ነው የጮህኩት።

የዘገየሁት በዚህ አይደለም። በማግስቱ ምላጭ ይዤ የራሴን ስፌት ተረተርኩ። ደህና አድርጌ ሰፍቼው ኖሯል፣ እምቢ አለኝ። ቀበቶዎቹን እርጥበት በልቷቸው ነበር፤ ሜካኒክ ጠርቼ በአዲስ አስቀየርኳቸው። ከዚያ ወዲህ ለደንበኞቼ እየደወልኩ ነው። "መኪናህን አምጣ" እላለሁ። "ምን ተበላሸ?" ይላሉ። "የኔ ሥራ" እላለሁ። ዛሬ የመጣችው ሐኪም ናት፣ የሦስት ልጆች እናት። ቆዳውን ስቀድ "ምነው፣ ያምር ነበር እኮ!" ብላ አዘነችልኝ። ቀበቶው ብቅ ሲል ግን ማን እንደደበቀው ጠየቀችኝ። "እኔ" አልኳት።

የልጅ መቀመጫውንም ገዛሁ፣ የፈተና ምልክቱን በመነጽር አይቼ። ሻጯ "ዕድሜዋ ስንት ነው?" ስትለኝ "ዕድሜ አትጠይቂኝ፤ ክብደትና ቁመት ጠይቂኝ" አልኳት። "ኢንጂነር ነዎት አባት?" አለችኝ። "ምራቴ ናት" አልኳት። ነበረች አላልኩም። ከከፋሽ ጻፊልኝ።

አንድ ነገር ብቻ ከነከነኝ። ስፖንጁን በእጄ ስጫነው ስስ ነው። ያን ሁሉ መንገድ እዚህ ላይ እንዴት ትቀመጣለች? ትንሽ፣ እንዲያው ትንሽ፣ ከስሯ ላድርግላት?

አያቷ

መጋቢት 5

ለአባባ፣

አልከፋኝም።

ደብዳቤዎን ቆሜ ጀመርኩት፣ መሬት ላይ ተቀምጬ ጨረስኩት። ድምቡሼ መጥታ ፊቴን በሁለት እጇ ይዛ አየችኝ። እያለቀስኩ አልነበረም። ያን ቀን ከመኪናው ስወርድ የሳብኩትን ትንፋሽ እስካሁን ይዤው ኖሬ፣ አሁን ነው የወጣልኝ። እፎይ ስል ሰምታኝ እሷም "እፎይ" አለች። ከዚያ ጣቴን ነከሰችኝ።

ከስሯ ምንም እንዳያደርጉ። እንዲያው ትንሽም። ልማድ ሆኖብዎት ነው፣ አውቃለሁ። ሲያስሯት ጃኬቷን ያውልቁላት፤ ወፍራም ልብስ ቀበቶውን ያዋሸዋል፣ ላልቶ ሳለ የጠበቀ ያስመስለዋል። ከታሰረች በኋላ ከላይ ያልብሷት። ትከሻዋ ላይ ያለውን ቀበቶ በጣትዎ ለመቆንጠጥ ይሞክሩ፤ ከተቆነጠጠልዎ ላልቷል ማለት ነው። መቀመጫውንም ቀበቶው በሚያልፍበት በኩል ይዘው ይነቅንቁት፤ ወዲያ ወዲህ ካለ እንደገና አጥብቀው ይሰሩት። ምቾት ከፈለጉላት በየመሃሉ ይቁሙ፣ ያውርዷት፣ ትሩጥ። እጅዎ ሥራ ካማረው ደግሞ ለመስኮቱ ስስ መጋረጃ ይስፉላት፣ ፀሐይ ዓይኗን እንዳይመታት። ወፍ ቢኖርበት አንጠላም።

ያንን ወንበር እንዳይጥሉት። መንጠቆዎቹን ያውጡና ጋራዡ ውስጥ መሬት ላይ ያስቀምጡላት። መሬት ላይ ከሱ የተሻለ ወንበር የትም የለም። እርስዎ ሲሰፉ አጠገብዎ ትቀመጥበት።

አባቷ ጻፈልኝ። አጭር ነው፤ "እኔ ብይዛትም አልይዛትም ነበር" ይላል። መለስኩለት፣ የኔም አጭር ነው። ለጊዜው ይበቃናል። አብሮዎት ከመጣ ግን ከኋላ፣ ከልጅቱ ጎን ይቀመጥ። ቀበቶ አስሮ።

ቅዳሜ እንጠብቅዎታለን።

ምራትዎ

መጋቢት 13

ልጄ፣

ደርሰናል። በሰላም፣ ምንም ሳይገጥመን። መንገድ ላይ ለመሮጫዋ ስንቆም ስንነሳ ዘገየን፤ ስንደርስ ተኝታ ነበር፣ ራሷ ዘንበል እንኳ ሳይል። አባቷ ዓይኑን ሳይነቅል እሷኑ እያየ መጣ። ለኔ አንድ ቃል አልተናገረኝም፤ ለሷ ግን ዘፈነላት። ድምፁ አሁንም አያምርም።

አንድ ነገር ልንገርሽና ላብቃ። ከደጃፍሽ ስንነሳ ድምቡሼ እጇን ታወዛውዛለች። ለማን ነው ብዬ በመስታወቱ ሳይ አንቺን አየሁሽ፤ መንገዱ መሃል ቆመሻል። እስክንታጠፍ ድረስ ታይሽ ነበር። ማንም ልጅ ከእናቱ ሲለይ እንደዚያ ሲሄድ አይቼ አላውቅም፤ አላለቀሰችም። ለመንገድ ጀርባዋን ሰጠች ብዬ ስቆጣ፣ ፊቷን ለማን እንደምትሰጥ አላሰብኩም ነበር።

አሁን ወንበሯ ላይ ተቀምጣ ለወፏ ብስኩት እያበላች ነው። እኔ የሌላ ሰው መኪና ስተረትር የተተረተረውን ክር ትጎትትልኛለች።

ነገ ከሰዓት ደውይላት። ስልኩን እኔ አነሳለሁ፤ በቀኝ ጆሮዬ።

አያቷ